በነጭ ጨርቅ የጠቀለልኩት መዝገብ

ሐሙስ ዕለት በገዛ እጄ፣ ተሳልሜ ነው የሰጠሁት። ሌላ ሰው እንዳይታማበት ይህን አስቀድሜ ልናገር። ዲያቆን ጌዲዮን አላታለለኝም። የልጅ ልጄ ቤዛዊትም ዕቃዋን አላዝረከረከችም። ጨርቁን የቀደድኩት እኔ፣ የጠቀለልኩት እኔ፣ ከመደርደሪያው አውርጄ በር ላይ ያስረከብኩትም እኔ እህተማርያም ነኝ።

ቤዛዊት ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። አባቷ፣ ልጄ ቦጋለ፣ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው፤ እናቷ ነርስ ናት፣ ደብል ሺፍት ትሠራለች። ስለዚህ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ እዚሁ አሜሪካ፣ ሪችፊልድ ከተማ፣ አፓርታማችን ውስጥ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ሐኪም ትሆናለች ብለን ስንጠብቅ ታሪክ አጠናለሁ አለች። እሱስ ይሁን፣ ጀርመንኛም ጨመረችበት። «ለምንሽ ነው?» ስላት «አይ ላይክ ኢት፣ እማማ» ብላኝ አረፈች። እኔ ግን አላረፍኩም። የምትበላበት ነገር ይሆናት ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት ስገላበጥ አድሬያለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፈው አጠገባችን ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ስለነበረ አንድ የጀርመኖች የንባብ ማኅበር ነው። ከመቶ አርባ ዓመት በፊት አንድ ጫማ ሰፊ፣ አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛና አንዲት አዋላጅ ሆነው ከዳቦ ቤት በላይ በተከራዩት ክፍል ጀመሩት። በወር አንድ እሁድ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የአገሩ ልጆች የጻፉትን ግጥም ወይም ታሪክ፣ ወይም ራሱ የጻፈውን ይዞ መጥቶ ያነባል። ጸሐፊያቸው ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተነበበ፣ ማን እንደተከራከረ ሁሉንም በመዝገብ ታሰፍራለች። ይህን ስትነግረኝ ገባኝ። እኛም የማርያም ማኅበራችን ላይ ማን እንደቀረ እንጽፋለን።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ከጀርመን ጋር ስትዋጋ፣ እዚህ ጀርመንኛ የሚናገር ሁሉ በዓይነ ቁራኛ መታየት ጀመረ። ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠቁም ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ፈርተው በ1918 መጽሐፎቻቸውን ሰብስበው የዳቦ ቤቱ ምድጃ ውስጥ ከተቷቸው። ስለማኅበሩ የጻፉ ሁሉ በዚያ ቀን ፈረሰ፣ በ1924 ደግሞ በአዲስ ሰዎች እንደገና ተቋቋመ ነው የሚሉት።

ቤዛዊት ግን አልፈረሰም ትላለች። ማስረጃዋ ያ መዝገብ ነው። ጸሐፊዋ ሊና የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ መዝገቡን ለምድጃው አልሰጠችም። በሕፃን ልጇ ብርድ ልብስ ገበርና ጥጥ መካከል ሰፍታ ልጇን አስተኛችበት። ከዚያ ሦስት ሴቶች፣ ሊናና አዋላጇ እና የዳቦ ጋጋሪው ሚስት፣ መጋረጃ አውርደው ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ማንበብ ቀጠሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ! ሊናም እንደድሮው መዘገበች። ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መዝገቡን ያቆየችው የሊና የልጅ ልጅ ሚስስ ኤርና፣ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ለቤዛዊት በእጇ ሰጠቻት። «እሁድ ማኅበራችን ይሰበሰባል፣ የቀረነው አራት ነን፣ ያን ቀን ይዘሽው ነይ፤ ፎቶ ማንሳት ግን አባላቱ ሳይፈቅዱ አይሆንም» አለቻት። ልጄ ቃሏን ጠበቀች፣ አንድም ፎቶ አላነሳችም። አንሺ ብያት ነበር። «እማማ፣ አይ ፕሮሚስድ» አለችኝ።

ማታ ማታ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ቁልቁል የተጠማዘዘውን ያን የድሮ ጽሕፈት እየፈታች በተሰባበረ አማርኛዋ ትነግረኝ ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ታሪክ ሲነገረኝ ግን እወዳለሁ። የሦስቱን ሴቶች ነገር ስትጨርስልኝ ተነስቼ ወጥ ቤት እገባለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ታዲያ ረቡዕ ጠዋት፣ ሲሪያል እየበላች መዝገቡን ሳህኑ አጠገብ ዘርግታ አየኋት። ወተት! አንዴ ክርኗ ቢመታው አለቀ። ለክላስ ስትወጣ አነሳሁት። ጥቁር ቆዳ ለባሽ ነው፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ፣ መቆለፊያው ናስ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው። ከአሮጌ ነጠላዬ ቀድጄ ጠቀለልኩትና የጸሎት መጻሕፍቴ ካሉበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። እዚያ ምግብ አይደርስም፣ እጅም አይደርስም። ከቤቱ ሁሉ ደህና ቦታ እሱ ነው ብዬ። ማታ ቤዛዊት ስትጠይቀኝ «አስቀምጬልሻለሁ፣ አታስቢ» አልኳት።

እዚያው መደርደሪያ ላይ በዚያው ነጠላ የተጠቀለለ ሌላም ነበር፤ ገጹ የረገፈ የጸሎት መጽሐፌና የደበዘዙ ሥዕሎች። የተቀደሰ ነገር ሲያረጅ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። ከፋሲካ በፊት ዲያቆን ጌዲዮን በየቤቱ ዞሮ ይሰበስባል፣ ካህን ጸልዮበት ይቃጠላል፣ አመዱም እግር በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል። ጌዲዮን ሐሙስ ከሰዓት መጣ። እኔ ከዓይን ሐኪም ገና መመለሴ ነበር። ጠብታ ጨምረውብኝ ብርሃኑ ሁሉ ወተት ሆኖብኛል፣ ጌዲዮንን እንኳን ያወቅሁት በድምፁ ነው። እጄን ወደ መደርደሪያው ሰድጄ ነጩን ጥቅል አወረድኩ። ከበደኝ። ጸሎት ያለበት ነገር ይከብዳል ብዬ ግንባሬንና ከንፈሬን አስነክቼ ሰጠሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ቤዛዊት ከሥራ ቴክስት አደረገችልኝ። «እማማ ዛሬ አሥር ሰዓት እመጣለሁ፣ መጽሐፉን ለነገ አዘጋጂልኝ» ይላል። አቧራ ላራግፍለት ብዬ ጥቅሉን ፈታሁት። የራሴ የተቀዳደደ የጸሎት መጽሐፍ ወጣ።

መደርደሪያውን ባዶ እስኪሆን አራገፍኩት። አልጋ ሥር አየሁ። የት እንዳለ እያወቅሁ ማቀዝቀዣውን ሳይቀር ከፈትኩ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ለጌዲዮን ደወልኩ። አያነሳም፤ ቅዳሴ ላይ ነው። ደግሜ ደወልኩ። በሰባተኛው አነሳ።

«እማማ፣ ምነው ደህና ነዎት?»

«ሐሙስ የሰጠሁህ፣ ነጩ ጥቅል! የት ነው?»

«ከሌላው ጋር አድርገነዋል። ምነው?»

«የኔ አይደለም! የልጅቷ ነው፣ የጀርመኖች ነው! ስጠኝ!»

«እማማ፣ እኔ ገና ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ቀሲስ ሰረቀብርሃን ግን አስቀድመው ሄደዋል፤ ዕቃው ተካ ቤት ነው፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ። ቤተ ክርስቲያኑን ያከራዩን ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ እሳት ስለማይፈቅዱ በተካ ጓሮ ነው የምናቃጥለው። ስድስት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ።»

ሰዓቱን አየሁ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው።

«ደውልላቸው!»

«እሺ እደውላለሁ፣ ግን ጸሎት ከጀመሩ ስልክ አያነሱም።»

መንዳት አልችልም። አውቶቡስ ሁለት መቀየር አለብኝ። ነጠላዬን እንኳን ሳልለብስ ፎቅ ወጥቼ የጋዲሴን በር ደበደብኩ። ጋዲሴ ጎረቤታችን ናት፣ ከአምቦ ነው የመጣችው፣ አረጋውያን በየቤታቸው ትንከባከባለች። ሌሊት ሠርታ ገብታ ስለነበር ሻሿን እንዳሠረች ወጣች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። መኪናሽን አስነሺ።»

«እትዬ እህተ፣ ማንም ካልሞተ ልተኛ።»

«ቤዛዊት ልትወድቅ ነው በኔ ምክንያት! አስነሺ ነው የምልሽ!»

የቤቷን ጫማ እንዳደረገች ወረደች። መኪና ውስጥ ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ቆይ፣ ቆይ። ለጀርመን መጽሐፍ ፍትሐት ሊደረግለት ነው?»

«አትሳቂ። ቶሎ ንጂ።»

«እኛ ጴንጤዎች ሲያረጅብን ሪሳይክል ውስጥ ነው የምንከተው፤ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለብንም።»

«አፍሽን ያዢና መንገዱን እዪ!»

«ቀበቶ ይሰሩ እትዬ። እኔ ታምሜ በነበረ ጊዜ ሾርባ ያመጡልኝ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ለዚህ ወረቀት ግን እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ።» በዓይኗ ጫፍ አየችኝና ድምፅዋን ቀየረች። «እሺ፣ እሺ፣ አያልቅሱ። እንደርሳለን።»

አልደረስንም። ሰርቲ ፋይቭ ደብሊው የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ መንገድ እየጠገኑ ስለነበር ሁለት መስመር ተዘግቷል። መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር። ሰዓቱ ስድስት ሆነ፣ ስድስት ከአምስት ሆነ። አብሮን ለሚያስቀድሰው ለተካ ደወልኩ፣ አያነሳም። ለጌዲዮን ደወልኩ፤ «እኔም መንገድ ላይ ነኝ እማማ» አለኝ። ጋዲሴ መሪውን በመዳፏ እየመታች በኦሮምኛ የሆነ ነገር ታጉረመርማለች።

እዚያ ቆመን ሳለ ነው ያ ነገር የመጣብኝ። በስልሳ ዘጠኝ ዓ.ም.፣ የደርግ አሰሳ ሰሞን፣ ታናሽ ወንድሜን ከወሰዱት በኋላ እንደገና ይመጣሉ ብለው ሲያስፈራሩኝ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ከሰል ምድጃ ላይ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ደብተር። ግጥም ይጽፍ ነበር። ፈታሾቹ አልመጡም። እሱም አልመጣም። ዛሬ የሱ የሆነ አንዲት መስመር የለኝም። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ፈርቼ ነው። አሁን ማን አስፈራራኝ? ወተት ነው ያስፈራኝ። ሲሪያል ላይ የሚፈስ ወተት።

«ሊናዋ በልጇ ብርድ ልብስ ሰፋችው» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ማናት ሊና?» አለች ጋዲሴ።

«የደበቀችው። መቶ ዓመት ከደበቁት በኋላ እኔ...»

«ለቤዛዊት ውሻ በላው ይበሏት» አለች ጋዲሴ ልታስቀኝ። «ውሻ የለንም» አልኳት። «አንድ መከራየት ነዋ» አለች። ያኔ መንገዱ ተከፈተ።

ተካ ቤት ስንደርስ ከሩብ ሰዓት በላይ አልፏል። ጭሱ ከመንገድ ይታያል። ጋዲሴ መኪናውን ፓርክ ሳታደርግ በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ጓሮው ውስጥ ተካ ለልጆቹ በበጋ ማርሽማሎው የሚሉትን ለስላሳ ከረሜላ የሚጠብስበት ክብ ብረት ማንደጃ ላይ እሳቱ ይነዳል። ቀሲስ ሰረቀብርሃን መስቀላቸውን ይዘው ያነባሉ፣ ተካ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል፣ ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎችም አሉ። ወረቀቱ ሁሉ አመድ ሆኗል። ከመካከሉ ግን አንድ ወፍራም ጥቁር ነገር ጎኑን ለፍሙ ሰጥቶ ተጋድሟል። ነጠላው ተቃጥሎ አልቋል። ናሱ ያበራል።

እጄን ከተትኩ።

ቀሲስ «እህተማርያም!» ብለው ሲጮኹ እሰማለሁ። ናሱን ያዝኩት፤ ለቀቅሁት፤ እንደገና ያዝኩት። ከኋላዬ ጌዲዮን እየሮጠ ደረሰና ወገቤን ይዞ ጎተተኝ፤ እኔም መዝገቡን ጎተትኩ። ሣሩ ላይ ወደቅን። ጌዲዮን ጃኬቱን አውልቆ መዝገቡ ላይ ጣለና በእግሩ ሳይሆን በእጁ እያፈነ እሳቱን አጠፋ።

«ምን ሆነሻል ልጄ? የተቀደሰ እሳት ውስጥ እጅ ይገባል?» አሉኝ ቀሲስ።

«የኛ መጽሐፍ አይደለም አባቴ፣ የሰው አደራ ነው።»

ቀሲስ ጎንበስ ብለው የተከፈተውን ገጽ አዩ። የማያውቁት ፊደል ነው። ተካን ቀና ብለው አዩት፣ እሱም ጌዲዮንን።

«ጨርቁ እኮ የቤተ ክርስቲያን ነበር...» አለ ተካ። «ሳንፈታው ነው የጨመርነው። በጨርቅ የተጠቀለለ አንፈታም እኮ።»

እውነቱን ነው። እኔም ብሆን አልፈታም ነበር።

ጋዲሴ ጣቶቼን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይዛ፣ በተካ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ በአንድ አሰረችልኝ። ያን ጊዜ አልቀለደችም። «ክሊኒክ እንሂድ» ስትለኝ እምቢ አልኩ። መዝገቡን በጌዲዮን ጃኬት እንደተጠቀለለ ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ቤት ተመለስን። አልከፈትኩትም። ፈራሁ።

ቤዛዊት አሥር ሰዓት ላይ ገባች። መጀመሪያ ያየችው እጄን ነው።

«ኦ ማይ ጋድ። እማማ፣ እጅሽ ምን ሆነ?»

«ተቀመጪ።»

«ማን ጋር ነበርሽ? ሆስፒታል ሄድሽ? ለማሚ ደወልሽ?»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

ነገርኳት። ስጀምር ልዋሽ ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ቤቱ ተከፍቶ ሌባ ገባ ልል። ዓይኗን ሳየው አልቻልኩም። ከወተቱ ጀምሬ እስከ እሳቱ ድረስ ነገርኳት። ጃኬቱን በሁለት ጣቷ ገለጠችው። የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልረዳት እጄን ስዘረጋ፦

«ፕሊስ፣ አትንኪው።»

እጄን መለስኩ።

እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ የወጥ ቤት ወረቀት በየመሃሉ እያስገባች ገጾቹን ትገልጥ ጀመር። የፊተኞቹ፣ ከ1884 ጀምሮ ያሉት፣ የድግሱ፣ የመዝሙሩ፣ የክርክሩ ገጾች፣ ጠርዛቸው ጠቁሯል እንጂ ይነበባሉ። ወደ መጨረሻ ስትደርስ ቀስ አለች። የሦስቱ ሴቶች ገጾች ናቸው። ሊና በዚያ ክፉ ጊዜ ያገኘችው ቀለም ርካሽ ስለነበር ወደ ጀርባው ያልፋል፤ ስለዚህ የጻፈችው በቀኝ ገጽ ላይ ብቻ ነበር። እሳቱም የበላው ከቀኝ ነው። የእያንዳንዱ መስመር መነሻ አለ፤ መጨረሻው የለም። ግማሽ ገጽ፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ቅጠል የተጠቀለለ ጥቁር ነገር።

«የጻፍሽው የለሽም?» አልኳት። «ማስታወሻ ይዘሽ ነበር እኮ።»

«የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ነው የያዝኩት። እነዚህን ከነገ በኋላ ፎቶ አነሳለሁ ብዬ...» ገጹን በወጥ ቤት ወረቀቱ ሸፈነችው። «ማስረከቢያዬ አሥር ቀን ነው የቀረው፣ ዩ ኖው ዛት? ግን እሱ አይደለም። ሚስስ ኤርና እኮ ይሄን አንብባው አታውቅም።»

«እንዴት? የሷ ነው እኮ።»

«የድሮውን ጽሕፈት ማንበብ አትችልም። ማንም አይችልም፣ አራቱም አይችሉም። አያቷ ምን እንደጻፈች ሕይወቷን ሙሉ አታውቅም። ነገ እኔ ላነብላት ነበር። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እማማ!»

ከዚያ ተነሳች። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም፤ ጮኸች።

«ለምን ነካሽው? ለምን ሁሌ ትነኪያለሽ? ቦርሳዬን፣ ላፕቶፔን፣ ጫማዬን! እጠብቅልሻለሁ ትያለሽ፣ ሁሌ እጠብቅልሻለሁ! ማን ጠብቂልኝ አለሽ?»

እውነትም ማንም አላለኝም።

ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወጥታ፣ የእጄን ፋሻ ፈትታ አየችውና በአዲስ አሰረችልኝ። ስታስር እንባዋ ጣቴ ላይ ይንጠባጠባል። ጨው ቁስል ላይ ያቃጥላል፤ አልተንቀሳቀስኩም።

እሁድ ከሆሳዕና ቅዳሴ ወጥቼ አብሬያት ሄድኩ። አትምጪ ብላኝ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ በኔ አፍ ይነገር» አልኳት። ሚስስ ኤርና ሴንት ፖል ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ ነው የምትኖረው። ትንሽ ሳሎኗ ውስጥ አራቱም ተቀምጠዋል፤ እሷ፣ ጆሮው ላይ መሣሪያ ያደረገ ጡረተኛ አስተማሪ፣ እና አንድ ዓይነት ሹራብ የለበሱ ሁለት እህትማማቾች። ኬክ ቀርቧል። ሚስስ ኤርና ጸጉሯን ተሠርታ፣ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ ነበር።

ቆሜ ተናገርኩ። ቤዛዊት ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ምንም እንዳልቀነሰችልኝ ከፊታቸው አወቅሁ፤ ነጩ ጨርቅ ጋ ስትደርስ አንዷ እህት አፏን ያዘች፣ እሳቱ ጋ ስትደርስ አስተማሪው የጆሮውን መሣሪያ ነካካ።

«ማቃጠላችሁ አክብራችሁት ነው የምትይው?» አለኝ በልጅቷ በኩል።

«አዎ፣ ጌታዬ። መስሎን ነው።»

«የኛዎቹ ሲያቃጥሉ ቢያንስ ምን እንደሚያቃጥሉ ያውቁ ነበር» አለ። ቤዛዊት ይህን ስትተረጉምልኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሚስስ ኤርና እጇን ዘረጋች። ቤዛዊት መዝገቡን ጭኗ ላይ አደረገችላት። አሮጊቷ የተቃጠለውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ ጣቷ ጠቆረ፣ ጣቷን አየችው። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። የመጣሁት እንድትሰድበኝ ነው፤ አልሰደበችኝም።

በመጨረሻ መዝገቡን ለቤዛዊት መለሰችላት።

«አንብቢው» አለች።

«ሚስስ ኤርና፣ ሙሉ አይደለም። የመስመሮቹ...»

«አውቃለሁ። ያለውን አንብቢ።»

ቤዛዊት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፋ መዝገቡን አስቀመጠችው። በእንግሊዝኛ እየተረጎመች ነው የምታነበው፤ ነገር ግን ቀኖቹንና ቁጥሮቹን እኔም እሰማለሁ፣ የቀረውንም ከሶፋው ላይ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«ማርች ሦስት፣ 1918። ሦስት ነን። መጋረጃውን አውርደናል። መጀመሪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ያነበብኩትም...» ቆመች። «ተቃጥሏል።»

«ቀጥዪ» አለች ሚስስ ኤርና።

«ኤፕሪል ሰባት። ሦስት ነን። ከደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ሰምተን መብራቱን... ተቃጥሏል። ሜይ አምስት። ሁለት ነን። አዋላጇ ለምጥ ተጠርታ ሄደች፤ ስትመለስ የነገረችን... ተቃጥሏል።»

የነገረቻቸውን አውቀዋለሁ። ያን ማታ ቤዛዊት ስትነግረኝ ሁለታችንም ከት ብለን ስቀናል። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፦ «ይቺን ታውቂያታለሽ እኮ፣ ንገሪያት፤ የመንታዎቹን...»

«እማማ፣ የማነበው የተጻፈውን ነው» አለችኝ ዝቅ ብላ። «ካስታወስኩት ጨምሬ ካነበብኩ የቱ የሊና፣ የቱ የኔ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ቀኖቹም አይታመኑም።»

ቀኖቹ። ያኔ ነው የገባኝ። ሊና ቀኑንና ስንት እንደነበሩ የምትጽፈው መስመሩ መነሻ ላይ ነው። እሱ አለ። አስተማሪውም ገብቶታል፤ ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ኬኩ ሥር በነበረው ወረቀት ላይ እየተከተለ ይጽፍ ጀመር። ጁን ሁለት፣ ሦስት። ጁላይ ሰባት፣ ሦስት። ማኅበሩ አልፈረሰም። ሦስት ሴቶች ወር አልዘለሉም። ምን እንደተባባሉ ግን የለም፤ ያን የበላሁት እኔ ነኝ።

«ኦገስት አራት። ሦስት ነን። ሕፃኗ ብርድ ልብሱ ላይ... ተቃጥሏል።»

ሚስስ ኤርና ዓይኗን ጨፈነች። ሕፃኗ እናቷ ናት።

«ስንት ገጽ ቀረ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

ቤዛዊት ቆጠረች። «ሠላሳ አንድ።»

«ሁሉም እንደዚህ ነው?»

«ይብሳል።»

«ቀጥዪ።»

ቤዛዊት ገጹን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ገለበጠች። ጥቁር ብናኝ ነጩ ወረቀት ላይ ረገፈ፣ ጥቂቱም ወደ ኬኩ ሳህን ሄደ። ማንም አልጠረገውም። እኔም እጄን ከጭኔ ላይ አላነሳሁም።

«ሴፕቴምበር አንድ» አለች ልጄ። «ሦስት ነን።»